ስመ እግዚአብሔርና የምእመኑ ሕይወት፤ «ማጌኖ» ስለሚለው ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጌዴኦ ዞን፣ በዱመርሶና በዙሪያዋ የሚኖረው የጌዴኦ ሕዝብ ፈጣሪውን በራሱ ቋንቋ «ማጌኖ» ብሎ ይጠራል። በየዓመቱ በሚከበረው የደራሮ በዓል ምስጋና የሚቀርበው ለማጌኖ ነው። ጎረቤቱ ሲዳማ «ማጋኖ»፣ ጉጂ ደግሞ «ዋቃ» ይላል። እንግዲህ በዚያ ምድር ተጠምቆ ሥጋ ወደሙን የሚቀበል ምእመን በምጥ፣ በሕመም ወይም በኀዘን ጊዜ ከአንደበቱ ቀድሞ የሚወጣው ከእናቱ የሰማው ይህ ስም ቢሆን ምን እንበለው? «የአሕዛብ ስም ነውና ተወው» የሚሉ አሉ። ምክሩ ከቅንዓት ቢመነጭም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ስመ እግዚአብሔር የሚያሳየንን በሚገባ ያስተዋለ አይደለም።

ሰው እግዚአብሔርን የሚጠራበት ስም ከእርሱ ያገኘውን ይናገራል። ግብፃዊቱ አገልጋይ አጋር ከእመቤቷ ሸሽታ በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ ሳለች መልአኩ አገኛት፤ እርሷም እግዚአብሔርን የሚያያት አምላክ ብላ ጠራችው (ዘፍ. 16፥13)። ስሙ ከትምህርት ቤት የተቀዳ ሳይሆን ከመከራዋ የተወለደ ነው። ጌዴዎንም እሞታለሁ ብሎ በፈራ ጊዜ ሰላምን ስለ ሰማ መሠዊያውን በሰላም ስም ሰየመው (መሳ. 6፥24)።

ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመልከ ጼዴቅ ታሪክ ነው። የሳሌም ንጉሥ መልከ ጼዴቅ ከአብርሃም ወገን ያልነበረ ካህን ሲሆን፣ አብርሃምን የባረከው በልዑል አምላክ ስም ነው። አብርሃም ያንን ስም እንግዳ ነው ብሎ አልናቀውም። ወዲያው ለሰዶም ንጉሥ ሲምል ራሱ ተጠቀመበት (ዘፍ. 14፥18-22)። ስሙን ሲቀበል የጠራውን አምላኩን አልለወጠም።

ይህ ማለት ግን የትኛውም ስም ይተረጎማል ማለት አይደለም። ንጉሥ ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ባስጻፋቸው የድንጋይ ጽሑፎች ራሱን የማሕረም ልጅ ብሎ ጠርቷል፤ ካመነ በኋላ ግን በግእዙ ጽሑፍ ድል የሰጠውን «እግዚአ ሰማይ» ይለዋል፤ በጽርኡ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይመሰክራል። ማሕረም ከብዙ አማልክት መካከል አንዱ፣ የጦርነት ጣዖት ስለ ነበረ ተትቷል። ማጌኖ ግን በጌዴኦ አነጋገር የሁሉ ፈጣሪ ስም ነው። ልዩነቱ ያለው ከድምፁ ሳይሆን ከተጠሪው ነው። እኛም ዘወትር የምንጠራው «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ «እግዚእ» (ጌታ) እና «ብሔር» (አገር፣ ዓለም) ከሚሉ ሁለት የግእዝ ቃላት የተገኘ ነው፤ የዓለም ጌታ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት በሕዝቡ አፍ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም በእነርሱ ሰበከች።

ዳሩ ግን ማጌኖ ማለት ብቻውን አይበቃም። በምሥጢረ ሥላሴ እንደምንማረው ሥላሴ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይና በመለኮት አንድ ናቸው። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የሚሉት ስሞች የአንዱ ለሌላው የማይፋለሱ የአካላት ስሞች ናቸው። ማጌኖ ግን «አምላክ» እንደሚለው ቃል የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የጌዴኦ ልጅ ማጌኖ ሲል ያደገውን ፈጣሪ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ መሆኑን በገዛ ቋንቋው ሊማር ይገባዋል። ሰው ሠራሽ ዝምታ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በአፉ የተያዘውን ስም ነጥቀን በቋንቋው ካላስተማርነው፣ በጸሎት ጊዜ እኛ የሰጠነውን ስም ይደግማል እንጂ በእርሱ አይጣራም።

በአማርኛ ተናጋሪው ምእመንም ዘንድ ይህ ይታያል። የታመመ «መድኃኔ ዓለም» ይላል፤ ብቸኛ የሆነ «አማኑኤል»፤ ወር በገባ በ27 ዝክር የሚያዘጋጀውን ሰው ብንጠይቀው ስለ ስሙ ትርጉም ከመናገሩ በፊት የተደረገለትን ይተርካል። የዱመርሶ እናትም ማጌኖ ስትል የምትተርከው አላት፤ ካህኑ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ይህን ትረካዋን ቢያዳምጥ፣ ከዚያም «ያ ያየሽ አምላክ በቤተልሔም የተወለደው ነው» ብሎ በጌዴኦኛ ቢነግራት፣ ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።