የመጀመሪያው ስብሰባ ካልተስማማዎትስ?



ከአልኮል ሱስ ለመውጣት የሚታገሉ ሰዎችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ፤ «የድጋፍ ቡድን ስብሰባ አንድ ቀን ሄድኩ፣ አልተመቸኝም፣ ተውኩት»። ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ እነዚህ ስብሰባዎች ታሪክ ላውጋችሁ። አንዱ ስብሰባ ያልሆነላቸው ሰዎች ሌላ ፍለጋ ባይወጡ ኖሮ ዛሬ የምናውቃቸው ብዙዎቹ ቡድኖች አይኖሩም ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 1935። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ በሚገኘው ሜይፍላወር ሆቴል ብቻውን ቀርቷል። የመጣበት የንግድ ጉዳይ ከሽፏል። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወር ገደማ ነው፤ የሆቴሉ መጠጥ ቤት ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ከአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ላይ የአንድ ቄስ ስልክ መርጦ ደወለ። የፈለገው ስብከት አልነበረም፤ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ነበር። አንዱ ወደ ሌላው ሲመራው ሄንሪታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴት ዘንድ ደረሰ። እሷም ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር አገናኘችው።

ሐኪም ስለሆንኩ ይሆናል፣ የዶክተር ቦብ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፤ አልኮል ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በላይም ኦክስፎርድ ግሩፕ በሚባል የክርስቲያኖች ኅብረት ስብሰባ ሲመላለስ ቆይቷል። መጠጡን ግን አልተወም። ቢልን ለ15 ደቂቃ ብቻ ሊያነጋግር ተስማምቶ መጣ፤ ለሰዓታት ተቀመጡ። በኋላ እንደተናገረው ልዩነቱ ሌሎቹ ስለ መጠጥ ያወሩት ከውጭ ሆነው ሲሆን ቢል ግን ያወራው ከደረሰበት መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ካገረሸበት በኋላ ጁን 10 ቀን 1935 የመጨረሻውን ጠጣ ይባላል። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም «ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች»፣ ያንን ቀን እንደ ልደቱ ያከብረዋል።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ከክሊቭላንድ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ አክሮን የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ካቶሊኮች ስለሆኑ በኦክስፎርድ ግሩፕ ልማድ በሰው ፊት ኃጢአትን መናዘዝ ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር አጋጫቸው። በ1939 ተለይተው በአንድ ሰው ቤት የራሳቸውን ስብሰባ ጀመሩ። የአክሮን ወዳጆቻቸው ተቀየሟቸው፤ ቢሆንም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በሚለው ስም መጀመሪያ የተጠራው ይህ የክሊቭላንድ ቡድን ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም የዘር መለያየት በነገሠበት ዘመን፣ በ1945፣ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። በ1970ዎቹ ለሴቶች ብቻ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ መንፈሳዊ ይዘት ለማይፈልጉ የሚሆን ስማርት ሪከቨሪ ተመሠረተ።

«ለመሆኑ ይሠራል?» ለምትሉኝ፦ በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን አይቷል። ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በመራቅ ረገድ ሰዎችን ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያገናኙ የተደራጁ ፕሮግራሞች ከሌሎች የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

እንግዲህ ስትፈልጉ መጀመሪያ ስብሰባው «ክፍት» ነው ወይስ «ዝግ» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍት ላይ ቤተሰብም መግባት ይችላል፤ ዝጉ መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ሰዓቱን፣ ርቀቱን፣ የሴቶች ወይም የወጣቶች መሆኑን አጣሩ። የቋንቋ ነገር ለየት ይላል። አንዳንዱ የልቡን የሚናገረው በአማርኛ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ «የማውቀው ሰው ያየኝ ይሆን?» በሚል ስጋት ሐበሻ የሌለበትን ይመርጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአካባቢያችሁ ከሌለ በስልክና በኢንተርኔት የሚካሄዱ አሉ። ቢያንስ ሦስት አራት ቦታ ሳትሞክሩ አትፍረዱ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትስሙት፤ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ጽሑፎችም አባላቱ የሐኪምን ቦታ ወስደው የሕክምና ምክር እንዳይሰጡ ያሳስባሉ።

⚠️ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ስብሰባ ስለጀመረ ብቻ በድንገት አያቁም! በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ራስን ስቶ መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያሳጣል። አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባሎች ሲሰበሰቡ ሚስቶች ቡና እያፈሉ ይጠብቁ ነበር። እርስ በርስ ሲጨዋወቱ እነሱም መጎዳታቸውን አወቁ። በ1951 የቢል ባለቤት ሎይስ ዊልሰን ከጓደኛዋ ጋር አል-አኖን የሚባለውን የቤተሰብ ቡድን አደራጀች። እዚያ ለመግባት የሚጠጣው ሰው ማቆም፣ ወይም መታመሙን ማመን አይጠበቅበትም። ልጃችሁ «እሺ» እስኪል ሳትጠብቁ እናንተ ዛሬውኑ መሄድ ትችላላችሁ።