የ1790 መጽሐፍና የቤጌምድር ድል

ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ስለ መፈለጉ የጻፈው ባለ 5 ጥራዝ መጽሐፍ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 በኤዲንብራ ታተመ፡፡ ብዙ አንባብያን ከቁም ከብት ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ማለቱን አላመኑትም፡፡ በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ በ1771 የቤጌምድሩ ገዥ ወንድ በወሰንና አጋሮቹ በሠርባ ኩሳ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ተዋግተው ድል ሲያደርጉ፥ ብሩስ የነበረው ከተሸናፊው ሰፈር ነው፡፡ አርብ ገበያ የምትገኝበት ጋይንት ደግሞ ከቤጌምድር ትቆጠር ነበር፡፡ ስለዚህ አውሮፓ ያነበበው የአገሩን ድል በባላጋራው ወገን ዓይን ነው፡፡ ዜና መዋዕሉም ቢሆን የቤተ መንግሥት ጽሑፍ ነው፡፡ እንግዲህ ሁለቱን ከአድባራቱ ጽሑፍና ከሽማግሌዎች ቃል ጋር ሳናስተያይ ፍርድ ልንሰጥ አይገባንም፡፡