ዳገት ላይ የሚያመነታ መኪና፦ የነዳጅ አሰጣጥ አጭር ታሪክ

ማዳበሪያ ወይም እህል የጫነ መኪና ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ጉልበት ከማግኘት ይልቅ ታፍኖ ሲንገታገት ያላየ ሹፌር የለም ማለት ይቻላል። ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ከሞተር ታሪክ ጋር አብሮ የኖረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህ ቤንዚንን በአየር ውስጥ የሚረጭ ካርቡሬተር ሠራ። ይሁን እንጂ በካርቡሬተር ሞተር ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ አየሩ ቀድሞ ይገባና ከእርሱ የሚከብደው ቤንዚን ወደኋላ ይቀራል። ሞተሩም ለአፍታ ይራባል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ተጨማሪ ቤንዚን የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ ካርቡሬተሩ ላይ መጨመር ነበር። የዚህች ፓምፕ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ ግን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ሩዶልፍ ዲዝል በበኩሉ ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ሞከረ። ነገር ግን ነዳጁን የሚያስገባው በታመቀ አየር ስለነበር መሣሪያው ለመኪና የሚከብድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1927 ቦሽ የተባለው ኩባንያ የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት ሲጀምር የናፍጣ ጭነት መኪና መስፋፋት ቻለ። በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ጋር ወደ አገራችን የገባውና «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚታወሰው ፊያት 634ም የናፍጣ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝና ከፍተኛ ግፊት ያለው የናፍጣ አሰጣጥ ተስፋፍቷል። እርሱም ቆሻሻና ውኃን ከቀድሞው ይበልጥ አይችልም።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ መሣሪያው ቢለዋወጥም ሞተር በአብዛኛው የሚያመነታው አየርና ነዳጅ በመጠንና በሰዓት ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የናፍጣ መኪና ግን በሽታውን አይደብቅም፤ በጭሱ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ካበዛ አየር አጥሮት ሊሆን ስለሚችል የአየር ፊልትሮውና የአየር ጎማዎቹ በቅድሚያ ይታዩ። ጭስ ሳያበዛ ጉልበት ካነሰው ነዳጅ በበቂ አልደረሰውምና የናፍጣ ፊልትሮው ይቀየር፣ የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ፣ ቧንቧው አየር አለማስገባቱ ይረጋገጥ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነም የመዘገበው ብልሽት በመሣሪያ ይነበብ።

እነዚህ ሳይታዩ ፖምፓ ማስፈታት በትንሽ ፊልትሮ ለሚድን ሕመም ትልቅ ወጪ ማውጣት ነው። የማኅበር መኪና የተገዛው በአርሶ አደሩ ላብ ነው። በዘር ወቅት ጋራዥ በዋለ ቁጥርም ማዳበሪያው ከማሳው ይዘገያል። ስለዚህ ሹፌሮቻችንና መካኒኮቻችን ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጭሱን ይመልከቱ እንላለን።