የደብረ ታቦር አነጋገርና የጽሑፍ አማርኛ

«ተገበያ መጥቸ ነገርሁት» ብሎ የጻፈ የደብረ ታቦር ተማሪ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀይ ምልክት ይጠብቀዋል፤ «ከገበያ» እና «መጥቼ» በል ይባላል። «ነገርሁት» ግን ያልፋል፤ እንዲያውም ከ«ነገርኩት» ይልቅ የጸዳ አማርኛ ነው ተብሎ ይመሰገናል። ሦስቱም በአንድ አፍ የሚነገሩ ሆነው ሳሉ አንዱ ሲከበር ሁለቱ የሚነቀፉበት ምክንያት በሰዋስው ውስጥ አይገኝም፤ ከታሪክ መፈለግ አለበት።

ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ከቆረቆሩበት ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ከተማይቱ የመሳፍንቱ፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች። ሥልጣን በዚያ በነበረበት ዘመን የበጌምድር አማርኛ «የገጠር አነጋገር» የሚባልበት አንዳች ምክንያት አልነበረም። ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ የነበረበት ልማድ ተጥሶ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉትም ስለዚሁ ንጉሥ ነው። የበጌምድሩ ተወላጅ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ደግሞ በ1905 (እ.ኤ.አ.) በርሊን ሄደው አማርኛና ግእዝ አስተምረዋል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ማተሚያ ቤቱም፣ ጋዜጣውም፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤትም እዚያው ተተከሉ፤ የ«ትክክለኛ» አማርኛ መለኪያም አብሮ ሄደ። «ተ» ያኔ ከወረቀት ወጣች ማለት ይቻላል፤ ከአፍ ግን አልወጣችም። በጎንደር ብቻም አይደለም፤ ወሎና ጎጃም ውስጥም ትሰማለች።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት በይበልጥ የምትታወቀው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት በመሆኗ ነው። ለእኛ ግን ስሟ ይበልጣል፤ ጋፋትኛ የሚባል ሴማዊ ቋንቋ ነበርና። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት መኃልየ መኃልይን ወደዚህ ቋንቋ አስተርጉሞ ነበር። ቮልፍ ሌስላው በ1947 (እ.ኤ.አ.) ሲፈልግ ያገኘው አራት ተናጋሪዎች ብቻ ነው፤ ቋንቋው ዛሬ የለም። ያጠፋውም አዋጅ ሳይሆን አማርኛው ራሱ ነው።

ቀበልኛ እንደ ጋፋትኛ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ቃል በቃል ይራቆታል፤ ሲራቆትም መዝጋቢ አያገኝም። በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት ሽማግሎች ዘንድ ያለውን ለመሰብሰብ ከክፍላችን ተማሪዎች የተሻለ ሰው አይገኝም፤ አገሩ አገራቸው፣ አነጋገሩም የአያቶቻቸው ነውና። እኔ በበኩሌ «ተ»ን በድርሰት ፈተና እንደ ስሕተት አልቆጥርም፤ ተማሪው ግን ቃሉን ከማን፣ በየትኛው ቀበሌ እንደሰማው በኅዳጉ እንዲጽፍ አዛለሁ።