መጀመሪያ ማን ይግባ?

ባለፈው ነሐሴ፣ ጅሊብ አል ሹዩኽ ከምንከራየው ክፍል የ14 ወር ልጅ ታቅፈን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ቆይቷል። እናቱ ኢቃማዋ ስላለፈ «ይይዙኛል» ብላ ፈርታ ነው ሁለቱ ቀን ያለፈው። እኔም ዓርብ ዕረፍቴ ሆኖ ባልመጣ ኖሮ ሦስተኛውም ይጨመር ነበር።

ድንገተኛ ክፍሉ ጢም ብሏል። ብዙዎቹ ልጆች ይጮኻሉ፤ የእኛው ዝም ብሏል። ነርሷ ጥፍሩን ጫን አድርጋ ለቀቀችና ደሙ እስኪመለስ ቆጠረች። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። ከዚያ ከሁሉም አስቀድማ አስገባችን። አንድ አባት «እኛ ቀድመን ነው የመጣነው!» ብሎ በዐረብኛ ተቆጣ። እናትየው ግን ደስ አላላትም፣ ደነገጠች። «ለእኛ ቀድሞ በር የሚከፈተው ምን ክፉ ነገር ቢያይባቸው ነው?» አለችኝ።

እኔ ኩዌት ከመምጣቴ በፊት ደሴ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። አሁን አንዲት አሮጊት ነው የማስታምመው። ጥያቄዋ የድሮ ሙያዬን አስታወሰኝና ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ።

እኛ ምስር እንደምንለቅመው መለየት ማለት ነው ትሪያጅ፤ ቃሉ የፈረንሳይ ነው። በሕክምና ሥራውን ከጀመሩት ዋነኛው የናፖሊዮን ጦር ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ዘመቻ የከፋ ቁስል ያለበት መጀመሪያ ይታከም፣ ማዕረግና ክብር አይታይ አለ። ጄኔራሉ ጣቱን ተቆርጦ፣ ተራው ወታደር ደሙ እየፈሰሰ ከሆነ ጄኔራሉ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህን መናገር ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።

ወደ ልጆች ሲመጣ ግን ብዙ ዘግይቷል። በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው ንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሚሞት ልጅም ጉንፋን የያዘው ልጅም በአንድ ሰልፍ ይጠብቁ ነበር። ዶክተር ኤልሳቤጥ ሞሊኑና ባልደረቦቿ ልጆቹን በር ላይ እየለዩ አስቸኳዮቹን ወዲያው ማከም ጀመሩ። ተኝተው ከሚታከሙት ልጆች ከ100ው ከ10 እስከ 18 ይሞቱ የነበረው ወደ 6 እና 8 ወረደ። እኛም አገር ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ የደም ዝውውር፣ ራስን መሳትና መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ የውሃ ማነስ። ጥፍሩ ሲጫኑት ነጥቶ ከ3 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ እጁም ከቀዘቀዘ፣ ተራ የሚባል ነገር የለም። የሚጮኸው ልጅ ቢያንስ ለመጮኽ ጉልበት አለው።

ከገባን በኋላ ነርሷ ቢጫዋን ትንሽ ካኑላ አወጣች። የደረቀ ልጅ ደም ሥር ይጠፋል። አንድ እጅ ሞከረች፣ አልሆነም። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሁለተኛው ላይ ደም ብቅ አለ።

ይህ ነገርም ታሪክ አለው። በ1832 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ስኮትላንድ ሲገባ የሊዝ ከተማው ሐኪም ቶማስ ላታ ጨው ያለበት ውሃ በቀጭን የብር ቱቦ በአንዲት አሮጊት ደም ሥር ለቀቀ። ትንፋሿ ሊቆም የነበረችው ሴትዮ ነቃች። እሱ ግን ለሌላ ሐኪም አደራ ብሎ ሄደ፤ ውሃው አልተደገመላትም፣ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው ለስላሳ ፕላስቲክ በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በዴቪድ ማሳ እስኪሠራ ድረስ ብረት መርፌ ነበር፤ ልጅ ሲወራጭ ደም ሥሩን ይበሳዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ደሴ እያለሁ እናቶች «ግሉኮስ ስቀሉለት» ብለው ይለምኑን ነበር። እኔም አፉ ለሚጠጣ ልጅ፣ እናቱን ለማስደሰት ብዬ፣ ሰቅያለሁ። ያ ልጅ የሚያስፈልገው በማንኪያ የሚሰጥ ኦ.አር.ኤስ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ በጠና የታመሙ፣ ትኩሳት ያለባቸው ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ከ100ው 10 ገደማ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7 ገደማ። ተቅማጥ ያደረቃቸው ልጆች በዚህ ጥናት አልነበሩበትም፤ ለእነሱ ፈሳሹ አሁንም ሕይወት ነው። ያን ሳነብ ጅሊብ ፎቅ አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የእኛው ልጅ ግን የሚያስፈልገው ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 9 ኪሎ ልጅ ክፉኛ ሲደርቅ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 270 ሚሊ ሊትር፣ በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል 630 ይሰጠዋል። ዓመት ያልሞላው ከሆነ ቀስ ይባላል። እኔ ጠብታውን ስቆጥር ነርሷ አየችኝና «ሲስተር ነሽ?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሸና። እናትየው ዳይፐሩን ይዛ አለቀሰች። የተቆጣው አባት ልጁን አሳክሞ ሲወጣ በመጋረጃው አጮልቆ አየን፤ «ሰላምታ» ብሎ አለፈ። ጠዋት መዝገብ ቤት ስለ ኢቃማው ጠየቁን፤ እሱ ነገር ገና አላለቀም።