ይህ ክንድ የማነው?

ነገሩ የጀመረው በቤት ሥራ ነው። የዲዛይን መምህራችን «ስለ ሱስ ለሚያወራ አጭር ፊልም ፖስተር ሠርታችሁ ኑ» ብለው አዘዙን። እኛም ሦስት ሆነን ተሰባሰብን። ሌሊቱን ኢንተርኔት ላይ አደርን። ሲነጋ ጥቁር ወረቀት ገዝተን በመቀስ ቆራረጥንና የተሰባበረ የሚመስል፣ ጣቶቹ የተወለጋገዱ ክንድ አወጣን። ብርቱካናማ ወረቀት ላይ ስንለጥፈው እንዴት እንዳማረ አትጠይቁን!

መምህራችን ፖስተሩን ለረጅም ጊዜ አዩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ልጆች፣ ይህ ክንድ የማነው?»

«የእኛ ነው» አልን በድፍረት።

«እኔ የማውቀው ክንድ በ1955 የተሠራ ነው» አሉና ፖስተሩን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከመካከላችን አንዱ «ቀለሙን እኮ ቀይረነዋል» ብሎ ነገሩን የባሰ አበላሸው።

ውጤታችንን አንነግራችሁም። ይልቅስ ስለ ክንዱ እውነተኛ ባለቤት እናውራ። የእሱን ታሪክ ስናነብ ነው ጥፋታችን ምን እንደሆነ በደንብ የገባን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማታው ተማሪ

ሶል ባስ በ1920 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ተወለደ። ወላጆቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። ገና በወጣትነቱ የፊልም ማስታወቂያ መሥራት ጀመረ። የዚያን ጊዜ የፊልም ፖስተር እንደ መርካቶ ሱቅ የተጨናነቀ ነበር፤ የተዋናዩ ፊት፣ የተዋናይቷ ፊት፣ መሳሳም፣ ሽጉጥ፣ የሚነድ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ። አንዱ ባይማርካችሁ ሌላው ይማርካችኋል የሚል ሒሳብ ነው።

ባስ በዚህ ተሰላችቶ ሳለ ጂዮርጂ ኬፔሽ የሚባል ሃንጋሪያዊ ብሩክሊን ኮሌጅ እንደሚያስተምር አወቀ። ቀን እየሠራ ማታ ማታ መማር ጀመረ። ኬፔሽ ደግሞ ዝም ብሎ ከሰማይ የወረደ መምህር አይደለም። የአገሩ ልጅ የላስሎ ሞሆይ-ናጅ ባልደረባ ነበር። ሞሆይ-ናጅ በ1919 ጀርመን ውስጥ፣ ቫይማር ላይ በተከፈተው ዝነኛው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። ባውሃውስ በናዚዎች ግፊት በ1933 ሲዘጋ መምህራኑ ተበተኑ፤ ሞሆይ-ናጅም በ1937 ቺካጎ ላይ አዲስ ባውሃውስ ከፈተ፣ ኬፔሽም እዚያ አብሮት አስተማረ።

ልብ በሉ፤ ክንዱን የሠራው ሰውዬም ከሌላ ሰው ነው የተማረው። ነገር ግን ከመምህሩ ሥዕል አልወሰደም። የወሰደው ጥያቄ ነው። ይህ ነገር ስለ ምንድነው? ምን ቢቀነስለት ይበልጥ ይጎላል?

መጋረጃው ሳይከፈት

ባስ በ1946 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በ1954 ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንገር ለ«ካርመን ጆንስ» ፖስተር አሠራው። ሥራው ደስ ስላለው ፊልሙ ሲጀምር የሚታየውን የስም ዝርዝርም አንተው ሥራው አለው። በዓመቱ «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» መጣ። ፍራንክ ሲናትራ የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ የተወነበት ፊልም ነው። የዚያን ጊዜ የሆሊውድ ደንብ አደንዛዥ ዕፅን በፊልም ማሳየት ይከለክል ስለነበር ፊልሙ ያለ ማኅተም ነው የወጣው።

በዚያ ዘመን የስም ዝርዝሩን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። ብዙ ሲኒማ ቤቶች ስሞቹ የሚያልፉት መጋረጃው ገና ሳይከፈት ነበር፤ ተመልካቹ ፈንዲሻውን ይገዛል፣ ወንበሩን ይፈልጋል። ፕሬሚንገር ግን በፊልሙ ጣሳዎች ላይ «ስሞቹ ከመጀመራቸው በፊት መጋረጃውን ክፈቱ» የሚል ማሳሰቢያ ለጥፎ እንደላከ ይነገራል።

መጋረጃው ሲከፈት ምን ታየ? በጥቁር ላይ ነጫጭ መስመሮች። በኤልመር በርንስታይን ጃዝ እየተመቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይጋጠማሉ። በመጨረሻ መስመሮቹ ተሰብስበው አንድ የተጣመመ ክንድ ይሆናሉ። መርፌ የለም፣ ደም የለም፣ የሲናትራ ፊትም የለም።

ለምን ክንድ? ባለታሪኩ ካርታ የሚያድልበት ክንዱ ነው፤ ሄሮይኑን የሚወጋበትም ክንዱ ነው። እንጀራውም ሞቱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የደበቅናችሁን ነገር እንናዘዝ። የእኛ ፊልም ስለ ጫት ነበር! ፈተና ደርሶበት ሌሊቱን ሙሉ ሲቅም ስለሚያድር ተማሪ። መምህራችን ቆየት ብለው «ለመሆኑ ሰው በክንዱ ይቅማል እንዴ?» ሲሉን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፣ ግን ከልብ አልነበረም።

የባስን ሌሎች ሥራዎች ተራ በተራ ስናይ የበለጠ አፈርን። ሰውዬው ራሱን እንኳ አልኮረጀም። ለሂችኮክ «ቨርቲጎ» (1958) ከዓይን ውስጥ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ አመጣ፤ ታሪኩ ከፍታ ላይ ራሱ ስለሚዞርበት ሰው ነዋ። ለ«ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» (1959) ተሻጋሪ መስመሮች ቀስ በቀስ የመስታወት ፎቅ ይሆናሉ። በዚያው ዓመት ለወጣው «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር» ርዕሱ እንደሚለው ሬሳውን ከፋፍሎ አስቀመጠው። ለ«ሳይኮ» (1960) ስሞቹን በመስመር ሰነጣጠቃቸው፤ አእምሮው ለሁለት ስለተከፈለ ሰው የሚያወራ ፊልም ስለሆነ። መልሱ በየጊዜው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ውርስ ወይስ ስርቆት?

በ1995 የስፓይክ ሊ «ክሎከርስ» ሲወጣ ፖስተሩ ላይ የተንጋለለ የሰው አካል ቅርጽ ነበረ፤ ቁርጥ «አናቶሚ ኦፍ ኤ መርደር»ን። ባስ ያኔ በሕይወት ነበረና ተሰረቅሁ ብሎ ተቆጣ። የፖስተሩ ሠሪ ደግሞ ክብር መስጠቴ ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም በዲዛይን ክፍሎች አልሞተም። እኛም የ«ክብር መስጠት» ቡድን ውስጥ ነበርን፤ እስከዚያች ቀን ድረስ።

ሌላኛውን መንገድ ማየት የፈለገ የስፒልበርግን «ካች ሚ ኢፍ ዩ ካን» (2002) መግቢያ ይመልከት። ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠሩት ኦሊቪየ ኩንትዘልና ፍሎራንስ ደጋ ናቸው የሠሩት። የ1960ዎቹን ዘመን እንዳየነው ያስታውሰናል፣ የባስም ጠረን አለበት። ነገር ግን የሚሮጠው አጭበርባሪና የሚያባርረው ሰው፣ መስመሮቹም ሁሉ፣ የዚያው ፊልም ናቸው። ከሌላ ፊልም ላይ ተነቅለው የመጡ አይደሉም።

ከስሞቹ መካከል የጠፋ ስም

ይህን ሁሉ ስናነብ አንዲት ሴት ደጋግማ ትመጣ ጀመር። ኢሌን ማካቱራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ባስ ቢሮ ገባች፣ በ1961 ተጋቡ፣ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት አብረው ሠሩ። በ1968 የሠሩት «ዋይ ማን ክሪኤትስ» የተባለው አጭር ፊልም ኦስካር አግኝቷል። ለማርቲን ስኮርሴዚ ከ«ጉድፌላስ» (1990) እስከ «ካሲኖ» (1995) በሠሯቸው መግቢያዎች ላይ የሁለቱም ስም አለ። ባስ በ1996 ሞተ። ሰው «ሶል ባስ» ሲል ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስበው አንድ ወንድ ብቻ ነው። ሥራው የሰዎችን ስም ማሳየት በሆነ ቢሮ ውስጥ የአንዷ ስም ሲደበዝዝ አይገርምም?

ከመፍረዳችን በፊት ግን ተገልብጦ የቀረውን ፖስተራችንን መለስ ብለን አየነው። ከታች የሁለታችን ስም ብቻ ነበር። ወረቀቱን በመቀስ የቆረጠችው ሦስተኛዋ «ቦታ አልበቃም» ተብላ ቀርታለች። እሷ ያኔ ምንም አላለችም። አሁን ግን «እኔም አይቼው ነበር» አለችን።

መምህራችን ሌላ ዕድል ሰጡን። ኢንተርኔቱን ዘግተን ስለ ልጁ ብቻ አወራን። በምርቃና ያደረ ሰው ምኑ ይታወቃል? ሁሉም ሲተኛ እሱ አለመተኛቱ። ሙሉውን ወረቀት ጥቁር አደረግነው፤ የኮንዶሚኒየም ፎቅ በሌሊት። አንዲት ትንሽ ቢጫ መስኮት ብቻ በርታለች። መስኮቷን የቆረጠችው ያችው ልጅ ናት። ከታች ሦስት ስም አለ፣ የእሷ መጀመሪያ።

መምህራችን ለረጅም ጊዜ አዩት። «መስኮቱስ የማነው?» አሉ።

«የልጁ ነው» አልን።

ውጤታችንን አሁንም አንነግራችሁም።