የጂን አቀማመጥ ለውጥ በካንሰር

የጂን አቀማመጥ ለውጥ በካንሰር ማለት አንድ ጂን በጤነኛ ህዋስ አስኳል (ኒውክሊየስ) ውስጥ ከሚያዘወትረው ስፍራ ርቆ ወደ አስኳሉ ጠርዝ ወይም ወደ መሃሉ ተጠግቶ መገኘቱ ነው። ለውጡ የዲኤንኤው ቅደም ተከተል ሳይነካም ሊከሰት ይችላል።

መደበኛ አቀማመጥ

የሰው ህዋስ አስኳል 46 ክሮሞሶሞችን ይይዛል። ህዋሱ በማይከፋፈልበት ጊዜ ክሮሞሶሞቹ እንደ ተወሳሰበ ክር አይቀላቀሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ክልል አለው። ይህን ሐሳብ ካርል ራብል እ.ኤ.አ. በ1885 ያቀረበ ሲሆን፣ ቴዎዶር ቦቬሪ በኋላ አዳብሮታል። ስፍራው በዘፈቀደ የሚያዝ አይደለም። ለምሳሌ በሰው ነጭ የደም ህዋሳት ውስጥ በጂን የበለጸገው ክሮሞሶም 19 ወደ መሃል ያደላል፤ በመጠን የሚቀራረበው ግን ጥቂት ጂኖች ያሉት ክሮሞሶም 18 ወደ ጠርዝ ይጠጋል። ይሁን እንጂ ስፍራው ከህዋስ ህዋስ ስለሚለያይ፣ ተመራማሪዎች ብዙ ህዋሳትን ለክተው ያወዳድራሉ።

በጡት ካንሰር የታየ ለውጥ

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የቶም ሚስቴሊ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት 20 ጂኖችን መርምሮ፣ 8ቱ በጡት ካንሰር ናሙናዎች ውስጥ በተደጋጋሚ ስፍራ እንደሚቀይሩ አሳይቷል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤችኢኤስ5 ብቻውን የካንሰሩን ናሙና ከጤነኛው በከፍተኛ ትክክለኛነት ለይቷል። ሁሉም ጂኖች አለመንቀሳቀሳቸው የሚያመለክተው አስኳሉ በጅምላ እንዳልተበጠበጠ፣ ለውጡም የተወሰኑ ጂኖችን የሚመለከት መሆኑን ነው።

ጉርብትና እና የክሮሞሶም ቁራጭ መለዋወጥ

በበርኪት ሊምፎማ፣ በክሮሞሶም 8 ላይ ያለው ማይክ ጂን በክሮሞሶም 14 ላይ ካለው የጸረ እንግዳ አካል ጂን አጠገብ ይጣበቃል። በጤነኛ ቢ ህዋሳት ውስጥ ሁለቱ ጂኖች ብዙ ጊዜ ተቀራርበው ይገኛሉ። በአንድ ጊዜ የተሰበሩ ጎረቤት የዲኤንኤ ጫፎች ሲጠገኑ ተሳስተው የመገናኘት ዕድላቸው ከተራራቁት ይበልጣል።

የመለኪያ ዘዴና ጠቀሜታ

የሚፈለገውን ጂን ለይቶ የሚጣበቅ፣ ብርሃን የሚሰጥ ቀለም የተያያዘበት የዲኤንኤ ቁራጭ በናሙናው ላይ ይደረጋል። ከዚያም ጂኑ ከአስኳሉ መሃል ያለው ርቀት በማይክሮስኮፕ ይለካል። ዘዴው ከሕመምተኛ በተወሰደ አነስተኛ የቲሹ ናሙና ላይ ስለሚሠራ፣ ለካንሰር ምርመራ አጋዥ ይሆናል የሚል ተስፋ አሳድሯል። ለውጡ የካንሰር መንስኤ ይሁን ውጤቱ ግን ገና አከራካሪ ነው።